ሰሜንን የሳትኩበት ዓርብ

ባለፈው ዓርብ ልጄ ከሠራዊቱ ለሻባት፣ ለሰንበት ማለቴ ነው፣ ስትመጣ ፊቷን አጥቁራ ገባች። ቦርሳዋን በሩ ሥር ጣለችና ሶፋው ላይ ተዘረረች። ምን ሆንሽ ብላት ምንም። ቀስ እያልኩ ሳውጣጣት ነው፣ በካርታ ጉዞ ልምምድ ላይ ጓደኞቿን እየመራች በተቃራኒው አቅጣጫ ስትነዳቸው እንደዋለች የነገረችኝ። ከእንግዲህ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ አለች፣ ግማሹን በዕብራይስጥ። እኔ ማጽናናት ሲገባኝ ሳቄ አመለጠኝ፤ እሷም ተቆጣች። እንግዲያው በእሷ ዕድሜ ሳለሁ እኔ ራሴ ሰሜንን እንዴት እንደሳትኩ ልነግራት ግድ ሆነብኝ። ለእሷ የነገርኳትን ነው እዚህም የምጽፈው፤ ትንሽ አሳምሬው ከሆነ ይቅር በሉኝ።

አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ከመጣን አምስተኛው ክረምት መሆኑ ነው። እዚህ ክረምት የሚሉት እኛ በጋ በምንለው ጊዜ የሚመጣውን ነው፤ ዝናቡ በኅዳርና በታኅሣሥ ይወርዳል። አባቴ ይኼን ለመልመድ ብዙ ጊዜ ፈጅቶበታል። ጃንጥላ ይዞ በወጣ ቁጥር፣ በታኅሣሥ ጤፍ የሚወቃበት አገር ሰው በታኅሣሥ ይበስብስ እያለ ይገረም ነበር።

በዚያን ጊዜ ኢሲዶር የሚባሉ ከሩማንያ የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። በሳፒር ኢንዱስትሪ ቀጠና፣ በአንድ ወርክሾፕ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሥራ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በዕብራይስጥ አንተ እያልኩ ነበር የማናግራቸው፣ ቋንቋው ሌላ የለውም፤ ስለ እሳቸው በአማርኛ ሳወራ ግን አንቱ ካላልኩ አፌ እሺ አይለኝም። ጡረታ ከወጡ በኋላ ከነታንያ ወጣ ብሎ፣ ወደ ቃዲማ በሚወስደው መንገድ፣ በብርቱካን እርሻ መካከል ባለች ትንሽ ቤት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ጓሯቸው ውስጥ አሥራ ሁለት ሜትር የሚሆን የብረት ማማ ቆሟል። ጫፉ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ያለ ሰፊ አንቴና አለ። አማተር ሬዲዮ ይሉታል፤ በገዛ ማሠራጫቸው፣ ለፍቅሩ ብለው ብቻ፣ ሰዎች ባሕር ማዶ ካሉ መሰሎቻቸው ጋር የሚያወሩበት ነው። አንቴናው ወደሚፈለገው አገር ካልዞረ ግን ድምፁ አይደርስም፣ የዚያኛውም አይመጣም። ስለዚህ ማማው ጫፍ ላይ፣ ከአንቴናው ሥር፣ የሚያዞረው ሞተር አለ። ታች ክፍላቸው ውስጥ ሞተሩን የሚያዝዙባት ሳጥን ላይ ደግሞ አንዲት መርፌ፣ አንቴናው ወዴት እንደሚያይ ታሳያለች።

ኢሲዶር ዓርብ ዓርብ ከምሳ በኋላ የሚያወሩት ከሄርማን ጋር ነበር። አንድ መንደር ውስጥ አብረው አድገው፣ አንዱ ወደዚህ አንዱ ወደ ደቡብ አፍሪካ የተበተኑ ጓደኛሞች ናቸው። በዚያ ክረምት ሄርማን ለልብ ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ሊገባ ሆነ። ከመግባቱ በፊት በነበረው ዓርብ፣ በሦስተኛው ዓርብ ቤቴ ነኝ፣ ያን ቀን ካልሰማኸኝ ሺቫ ተቀመጥ ብሎ ቀለደባቸው። ሺቫ ያው ጫማ አውልቀው፣ ከመሬት ዝቅ ብለው የሚቀመጡት የሰባቱ ቀን ለቅሶ ነው። ኢሲዶር ስልክ ቢደውሉ ቢደውሉ የሚያነሳ የለም። ሰውየው ሚስት የለው፤ ልጁ የት እንደሚኖር እሳቸው አያውቁም። የቀራቸው ያ ሦስተኛው ዓርብ ብቻ ነበር።

ታዲያ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው አውሎ ነፋስ ተነሣ። ነፋሱ አንቴናውን ከነምሰሶው ጠምዝዞ የሞተሩን ጥርስ ሰበረው። ሽማግሌው ሞተሩን በጎረቤት አስወርደው ሐሙስን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ፈትተው ሲጠግኑ ዋሉና፣ እኔን አስጠሩኝ። ጉልበታቸው ከመሰላል ጋር ከተጣላ ቆይቷል፤ ዓይናቸውንም ሞራ ጀምሯቸው ነበር።

ዓርብ ጠዋት ስደርስ ጭጋጉ ከብርቱካኑ ዛፍ ላይ አልተነሣም። መጀመሪያ ብላ አሉኝ። ማማሊጋ የሚሉት የበቆሎ ገንፎ አላቸው፤ መሃሉን ጎድጎድ አድርገው በቅቤና በበርበሬ ፈንታ አይብና እርጎ ይጨምሩበታል። ገንፎ በእርጎ! እየበላሁ ሆዴ ይስቅ ነበር፣ ግን ሳህኑን ጠረግኩት።

ከዚያ ወገቤን በቀበቶ አስሬ፣ ሞተሩን በገመድ ስቤ ወጣሁ። ሥራው ከባድ አልነበረም። ሞተሩን ቦታው ላይ አስቀምጦ ብሎኖቹን ማጥበቅ፣ ምሰሶውን ከላዩ መትከል፣ በመጨረሻ አንቴናውን ወደ ሰሜን አዙሮ ማሰር ነው። ሳጥኑ ላይ ያለችው መርፌ ሰሜን ላይ ስለቆመች፣ ላይ ያለውም ሰሜንን ካየ ሁለቱ ተስማሙ ማለት ነው። ኢሲዶር ኮምፓስ ሰጥተውኝ ነበር፤ ያን ሁሉ ብረት ሲያገኝ መርፌው ይዞርበት ጀመር፤ ኪሴ ከተትኩት። ዙሪያዬን ባይ ጭጋግ ነው። ፀሐይ የለ፣ ባሕር የለ። ከታች ሽማግሌው ሰሜኑ ታወቀህ ወይ ብለው ጮኹ። ሰሜንማ አይጠፋኝም አልኩ። እንዲያውም ጥያቄው ራሱ ትንሽ ከንክኖኛል፤ በዚያ ዕድሜዬ አላውቅም ከምል ከማማው ብወድቅ እመርጥ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ሰሜንን አውቅ ነበር፣ ከልጅነቴ። ጎንደር ትምህርት ቤት ስገባ አራቱን ማዕዘናት ለመያዝ አልተቸገርኩም። አባቴ ለጸሎት ሲቆም ፊቱን የሚያዞርበት ሰሜን ነው፤ በቀኝ እጁ ምሥራቅ፣ በግራ እጁ ምዕራብ፣ ከጀርባው ደቡብ። እና ነታንያ ቤታችን ውስጥ አባቴ በየማለዳው ፊቱን ወዴት እንደሚያዞር አላጣውም፣ ቴል ሞንድ ወደምትባለው ከተማ በኩል ነው። የቴል ሞንድ መንገድ ደግሞ በጭጋጉም ውስጥ ከመኪናው ድምፅ ይለያል። አንቴናውን ወደዚያ አዞርኩና ዳዶዎቹን እስኪጮኹ አጠበቅኳቸው። ወርጄም እጄን በጨርቅ እየጠረግኩ፣ እንደ ትልቅ ባለሙያ፣ አለቀ አልኩ።

ከምሳ በኋላ ኢሲዶር መርፌዋን ወደ ደቡብ አዙረው ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ጠሩ። አዳመጡ። ጣልያኖች ሞልተዋል፣ ጀርመኖች ይንጫጫሉ፤ ከአፍሪካ ግን ትንፍሽ የሚል የለም። ሌላ ቀን ቢሆን ያ ብቻውን ይበቃቸው ነበር፤ አርባ ዓመት ሬዲዮ ላይ የተቀመጠ ሰው፣ ደቡብን እያየ አውሮፓ ሲጮህበት ምን እንደሆነ አይጠፋውም። ግን ልባቸው ሳምንቱን ሙሉ ለዚያ ዝምታ ተዘጋጅቶ ነበርና ዝምታው ሲመጣ አልተጠራጠሩትም። ከአንድ ሰዓት በላይ ጠሩ። ድምፃቸው እየሰለለ ሄደ። ከዚያ ማዳመጫውን አወለቁ፣ ጫማቸውንም አወለቁና የብርቱካን ሳጥን ገልብጠው ዝቅ ብለው ተቀመጡበት።

«ተቀመጥ ብሎኛል፤ ይኸው ተቀመጥኩለት» አሉ።

የማደርገው ጠፋኝ። በሩ አጠገብ ቆሜ እንባቸው ሳይሰማቸው ሲወርድ አየሁ። ሄርማንን አላውቀውም፤ ግን እኔም ሞቷል ብዬ አምኛለሁ።

እንዲህ እንዳለን አባቴ መጣ። ሰንበት ብረት ላይ ተንጠልጥዬ እንዳያገኘኝ ሊወስደኝ ነው ከከተማ የመጣው። ጋቢውን ከካፖርቱ በላይ ደርቦ፣ ጃንጥላውን እንደ ዱላ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ሽማግሌው ጫማቸውን አውልቀው ዝቅ ብለው ተቀምጠው አየ። ማን ሞተ ብሎ እንኳ አልጠየቀም፤ ጃንጥላውን አስቀመጠና አጠገባቸው ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ለቅሶ ነዋ። ሁለቱ አንድ ቋንቋ የላቸውም፤ የአባቴ ዕብራይስጥ ከሰላምታ አያልፍም። እንዲሁ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከቆየ በኋላ ነው አባቴ ቀና ብሎ የጠየቀኝ።

«መርዶውን ማን አመጣው?»

ማንም፣ አልኩት፤ ሬዲዮው ዝም ስላለ ነው። አባቴ ነገሩ አልገባውም። በእኛ አገር ሰው ሞተ ተብሎ የሚለቀሰው ነጋሪ ሲመጣ ነው፤ ሽማግሌ ተመርጦ፣ በማለዳ ተሂዶ፣ አፍ ለአፍ ይነገራል። ነጋሪ ሳይኖር ለቅሶ መቀመጥ በቁም ሰው መግደል ነው አለኝ፣ ቆጣ ብሎ። ያ ብረት ወዴት ነው ያዳመጠው? ወደ ደቡብ፣ ወደ አፍሪካ፣ አልኩት። ተነሥቶ ወጣ፤ እኔም ተከተልኩት። ጭጋጉ እየሳሳ ነበር። ፀሐይዋም ወደ ባሕሩ አዘንብላ ደብዘዝ ብላ ትታያለች። አባቴ አንቴናውን አየ፣ ፀሐይዋን አየ፣ እንደገና አንቴናውን አየ።

«ይኼ ወደ ባሕሩ ነው እኮ የሚያየው። ሰሜኑን በምን ለካኸው?»

«አንተ በምትጸልይበት» አልኩት።

አባቴ አልሳቀም። እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ።

«እዚያ ሳለን ኢየሩሳሌም በሰሜናችን ነበረች» አለኝ። «አሁን እኮ አልፈናት መጥተናል።»

ኢሲዶር በካልሲያቸው በር ላይ ቆመው ምን ይላል አባትህ ይሉኛል። በሁለቱ መሃል የማስተረጉመው እኔ ብቻ ነኝ። ነፋስ አዙሮት ነው ይላል ብል ማን ያውቅብኛል? አልዋሻችሁም፣ ቃሉን አፌ ውስጥ አዘጋጅቼው ነበር። ግን አባቴ አጠገቤ ቆሞ ፊቴን ያያል። ሰሜኑን የሳትኩት እኔ ነኝ፣ ተገልብጦ ነው የታሰረው አልኳቸው። ስድብ ጠብቄ ነበር። እሳቸው የጠየቁኝ ሻባት እስኪገባ ስንት ሰዓት አለን ብለው ብቻ ነው። አንድ ሰዓት ገደማ ነበረን።

እሳቸው በካልሲያቸው ሮጠው መርፌዋን ወደ ሰሜን መለሱ፤ እኔ ማማው ላይ ወጣሁ። ከላይ ሆኜ ስዞር የሐዴራ ኃይል ማመንጫ ረጃጅም የጭስ ማውጫዎች ከጭጋጉ በላይ ብቅ ብለው ታዩኝ። ድሮም ኢሲዶር የሚለኩት በእነሱ ነበር፤ ሰሜን ማለት እነሱ ናቸው። ዳዶዎቹን አላላሁ፣ አንቴናውን ወደ ጭስ ማውጫዎቹ አዞርኩ። አባቴ ከታች ክንዱን ወደዚያው ዘርግቶ ቆሟል። አጥብቄ ወረድኩ፣ መሰላሉን ግማሹን እየዘለልኩ።

ኢሲዶር ማዳመጫውን ነቅለው ድምፁን ለሦስታችንም ለቀቁትና መርፌዋን ወደ ደቡብ ላኳት። ጣልያኖቹ ራቁ። ከዚያ ከፉጨቱ ውስጥ አንድ ቀጭን፣ የደከመ፣ የተናደደ ድምፅ ወጣ። በሩማንኛ ነው፤ ኋላ ነው የተረጎሙልኝ።

«ኢሲዶር፣ አንተ ደንቆሮ፣ ከምሳ ጀምሮ ስጠራህ የት ገብተህ ነው?»

ሽማግሌው ማይክሮፎኑን በሁለት እጃቸው ያዙ። አባቴ ምን እንደተባለ አልገባውም፣ ግን ገባው፤ እግዚአብሔር ይመስገን ብሎ ጃንጥላውን አነሣ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቀስ ብዬ ተቀመጥኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቅልል ብሎኝ አያውቅም። አሁን ሳስበው እንኳ ሸክሙ ከትከሻዬ ይወርዳል። ሄርማን ሆስፒታል ሰንብቶ፣ ከዚያም ልጁ ቤት ተኝቶ፣ በዚያው ጠዋት ነበር ቤቱ የገባው።

አውቶቡስ ለሰንበት ቆሞ ስለነበር ከአባቴ ጋር በእግር ነው የተመለስነው፣ በብርቱካኑ ዛፎች መሃል፣ እርጥብ አፈር እየረገጥን። ብዙ ከሄድን በኋላ አባቴ ሳያየኝ ተናገረ። እዚህ በመጣን የመጀመሪያዎቹ ወራት እሱም ወደ ሰሜን ዞሮ ይጸልይ ነበር። አንድ ቀን ምኩራብ ውስጥ አንድ ሰው ትከሻውን ይዞ፣ ምንም ሳይናገር፣ ወደ ሌላው ግድግዳ አዞረው። ይኼን ለእናቴም አልነገራትም። እንዴት አፍሬ እንደነበር አለኝ። በዚያ መንገድ ላይ አባቴን ከወትሮው ይበልጥ ወደድኩት።

ታሪኩን እዚህ ሳደርስ ልጄ ተነሥታ ተቀምጣ ነበር። ቀዝቅዞ የቀረውን ምሳዋንም እየበላች ነው። ጓደኞቿ ጋ ደውላ ይቅርታ እንደምትጠይቅ ነገረችኝና፣ ቀጥላ በወታደር ዓይን እያየችኝ፣ ሌላ ስሕተት የለህም ወይ፣ ሁልጊዜ ይኼንኑ ብቻ ነው የምታወራው አለችኝ። ይኼን ያህል ደጋግሜዋለሁ እንዴ? መቼም ሌላ ስሕተት ሞልቶኛል፤ አንዳንዱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሰንበት ሳይገባ የተቃናልኝ ግን እሱ አንዱ ብቻ ነው።