ለገሃርን ከጄሶ የሠራሁ ጊዜ

ልጅ እያለሁ፣ እንደማንኛውም ልጅ፣ ሲሚንቶ ግራጫ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ሰው «ግራጫ ነው» ሲለኝ ዝም ብዬ አላልፍም፤ እጁን ይዤ ቅርብ ወዳለው ግድግዳ እወስደውና አሳየዋለሁ። ቢጫ አለበት፣ ቡናማ አለበት፣ ዝናብ የሚወርድበት ቦታ ጥቁር ነው፣ ፀሐይ የማያገኘው ጥግ ደግሞ አረንጓዴ ነው። ይህን ያስተማረኝ ኢንጂነር አይደለም። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ለገሃር ባቡር ጣቢያ፣ የመሳፈሪያው ወለል ላይ በሆዴ ተኝቼ ነው የተማርኩት።

ቤታችን ቂርቆስ ነበር፣ ከሐዲዱ ብዙም ሳይርቅ። የኔ ዘመን የቂርቆስ ልጅ ሁሉ ያስታውሰዋል፤ ቆርኪ ሐዲዱ ላይ እንደረድርና ባቡሩ እስኪመጣ ጆሯችንን ብረቱ ላይ እንለጥፋለን። ባቡሩ ሲያልፍ ገና ያልቀዘቀዘውን ቆርኪ እየተሻማን እናነሳለን። የተዳመጠ ቆርኪ እንደ ምላጭ ይሳላል፤ መሃሉን በስተን ክር አስገብተን ስናሽከረክረው ሰፈሩን በፉጨት ይሞላዋል። የናፍጣውና የጋለው ብረት ሽታ ዩኒፎርማችን ላይ ያድር ነበር። ሌሎቹን እናቶቻቸው ይገርፏቸዋል። እኔን ግን ማን ይነካኛል? አባቴ የባቡር ሰው ነው። ፊሽካ ነፍቶ፣ ባንዲራ አውለብልቦ ባቡሩን የሚያስነሳው እሱ ነበር። «አባቴ ካላዘዘ ባቡር አይሄድም» እያልኩ ጉራዬን ስነዛ ነው ያደግሁት፤ ውሸትም አልነበረበትም።

በኋላ ባቡሩ እየቀነሰ ሲመጣ ሰዉም ተቀነሰ፤ አባዬ ካሰበው ቀድሞ ጡረታ ወጣ። ባልደረቦቹ ሲሸኙት በቁልፍ የሚሞላ የቆርቆሮ ባቡር ከነክብ ሐዲዱ ሰጡት። እማዬ ከነካርቶኑ ቡፌ ላይ አስቀመጠችው። እኛ ቤት ቡፌ ላይ የወጣ ዕቃ ለእንግዳ ዓይን እንጂ ለልጅ እጅ አይደለም። አባዬ ቀና ብሎም አላየውም። ያ እራት ላይ የመንገደኛውን ጉድ እየተረከ ምግቡ ትን እስኪለን የሚያስቀን ሰው፣ «እሺ» እና «አይ» ብቻ ቀሩት። ስታዲየም አካባቢ ጉዳይ ሲኖረው እንኳ በለገሃር አቋርጦ መሄድ ሲችል በሜክሲኮ ይዞር ነበር። እማዬ «እግሩን ለማፍታታት ነው» ትለናለች። እግሩ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ትምህርት ቤቴ ካዛንቺስ ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ የወላጆች ቀን ይከበራል፤ በዚያ ዓመት የሳይንስ ቲቸራችን እያንዳንዱ ተማሪ የእጅ ሥራ ይዞ እንዲቀርብ አዘዙ። እኔ እዚያው ቆሜ «ለገሃርን እሠራለሁ» አልኩ። ወንዶቹ ሳቁ። አንዱ «ባቡር ደግሞ የሴት ነገር ነው እንዴ?» አለኝ። «ያንተ አባት ባቡር አስነስቶ ያውቃል?» አልኩት። የልቤን ግን ለማንም አልተናገርኩም። የፈለግሁት ማርክም ሽልማትም አልነበረም። አባዬ መጥቶ፣ የሠራሁትን አይቶ «ይሄ እኮ ለገሃር ነው» እንዲለኝ ነበር። እሱ ወደ ጣቢያው ካልሄደ ጣቢያው ወደሱ ይመጣል፤ ነገሩ ለኔ ይህን ያህል ቀላል ነበር።

ባቡሩን ከቡፌው ለማስወረድ እማዬን ስንት ለመንኳት! ሐዲዱን አሮጌ ቺፑድ ላይ ዘረጋሁት፤ ሕንፃውን ከካርቶን ቆርጬ አቆምኩት። ይሄ ሁሉ ጨዋታ ነው። ያስቸገረኝ መሳፈሪያው ነው። ካዛንቺስ ውስጥ ፎቅ ከሚሠራበት አንድ ግቢ በፌስታል ሲሚንቶ ለምኜ፣ ከአሸዋ ጋር አቡክቼ ለጠፍኩት። ሲደርቅ የእንጦጦን ዳገት መሰለ። አንዷ የአሸዋ ፍሬ የባቡሩን ጎማ ታህላለች! ያን ቀን የገባኝ ነገር እስከ ዛሬ እንጀራዬ ነው። በትንሽ ሥራ ላይ እውነተኛ ሲሚንቶ ሲሚንቶ አይመስልም፤ እንዲመስል ከሌላ ነገር መሠራት አለበት።

ስለዚህ ጓደኛዬን ሰሊን አስከትዬ ከትምህርት ቤት መልስ ለገሃር ሄድኩ። ባቡር የሚገባበት ቀን ስላልነበር መሳፈሪያው ጭር ብሏል። በሆዴ ተኝቼ ወለሉን በቅርብ አየሁት። በሰፋፊ ሰሌዳ የተከፋፈለ ነው፤ በሰሌዳዎቹ መካከል ያለው መስመር ቆሻሻ ጠጥቶ ጠቁሯል። ሰው የሚረግጠው መሃሉ ለስልሶ ያበራል፤ ዳር ዳሩ ሻካራ ነው። ከብረት ምሰሶዎቹ ሥር የዝገት ቀለም ፈስሷል። ሰሊ ሰልችቷት ቆርኪ ትለቅማለች። ዘበኛው መጥቶ በላዬ ቆመና «አንቺ ልጅ፣ ምን ሆነሽ ነው? ሲሚንቶ አይተሽ አታውቂም?» አለኝ። «ማየቴ ነው» አልኩት። አፌ መቼም አርፎ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ሥራው ተገኘ። አመድ በእማዬ ስቶኪንግ ነፋሁና እንደ ዱቄት ከላመው ጥቂቱን ከጄሶ ጋር በጠበጥኩ። ካርቶኑ ላይ አፍስሼ፣ ሳይደርቅ በስፖንጅ ነካ ነካ ሳደርገው ጥቃቅን ቀዳዳ አወጣ። መስመሮቹን በማስመሪያና በምስማር ጫርኩ። ከደረቀ በኋላ ቀለም አልቀባሁትም፤ ቀጭን ሻይ ነው ያጠጣሁት፣ አንዴ አጠጥቼ አደርቃለሁ፣ ደግሜ አጠጣለሁ። የዛገ ምስማር በአቼቶ ዘፍዝፌ የወጣውን ውሃ ከተከልኳቸው ትንንሽ ምሰሶዎች ሥር አንጠባጠብኩ። ከጋራዥ ያመጣሁትን የተቃጠለ ዘይት በስቲኪኒ ጫፍ እየነከርኩ ባቡሩ በሚቆምበት በኩል ጠብ ጠብ አደረግሁ። ቤቱ የአቼቶና የዘይት ሽታ ሸተተ። አባዬ በአጠገቤ ያልፋል፣ አይጠይቅም፤ እኔም በጨርቅ እሸፍንበታለሁ። ሲያልቅ ቺፑዱን ግቢ አውጥቼ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኩትና ወለሉን ሳየው፣ እውነቱን ልናገር፣ በራሴ ኮራሁ።

በነጋታው የወላጆች ቀን ነው። ከሰሊ ቤት ስመለስ እማዬ ግቢው ውስጥ ብሩሽ ይዛ ፈገግ ብላ ጠበቀችኝ። እማዬ የቀበሌ ጸሐፊ ነበረች። ትልቅ ሰው ይመጣል ሲባል የመንገዱ ዳር ድንጋይ ሳይቀር ኖራ እንደሚቀባ ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ለፋሲካ አጥሩን ከቀባንበት የተረፈ ኖራ ነበር። መሳፈሪያዬን ከዳር እስከ ዳር አንጥታዋለች።

«ነይ እዪ፣ አሳመርኩልሽ» አለችኝ። «በስንት ሰው ፊት እንዲያ ቆሽሾ አጠገቡ ልትቆሚ ነው? የማን ልጅ ናት አይሉም?»

«እማዬ! ቆሻሻው እኮ ነው ሥራው!»

«ቆሻሻው ነው ሥራው? እግዚኦ!»

እኔ በቀላሉ የማለቅስ ልጅ አልነበርኩም፤ ያን ቀን ግን መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ተንሰቀሰቅሁ። መጀመሪያ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብላ ልትቆጣኝ ነበር። በመሃል «ለአባዬ ነበር እኮ፣ ለገሃርን እንዲያውቀው» ስላት ብሩሹን አስቀመጠች። ወደ ቤቱ በር አየት አደረገች። አባዬ ውስጥ እንደልማዱ ዝም ብሎ ተቀምጧል። እጅጌዋን ሰብስባ አጠገቤ ተንበረከከችና «በይ ተነሽ፣ ውሃ አምጪ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» አለች።

በርጥብ ስፖንጅ ቀስ እያልን አነሳነው፤ እሷ ከአንዱ ጫፍ፣ እኔ ከሌላው። መሃሉ ላይ ኖራው ለቀቀ፤ የሻዩ ቀለም፣ ዝገቱ፣ የዘይቱ ነጠብጣብ ከሥር ብቅ ብቅ አለ። በቀዳዳዎቹ፣ በመስመሮቹና በጠርዙ ላይ ግን ነጩ ተጣብቆ ቀረ፤ ብንጠርገው ብንጠርገው አልወጣም። እማዬ «ተበላሸ» አለች። እኔ ራቅ ብዬ ቆሜ አየሁት። ሥራዬ ያን ያህል አርጅቶ፣ ያን ያህል ሰው የረገጠው መስሎ አያውቅም ነበር። «ተዪው እማዬ፣ እንዳትነኪው» አልኳት።

በወላጆች ቀን አባዬ ኮቱን ለብሶ መጣ። እማዬ ናት ያስገደደችው። ክፍሉን በየተራ እያየ፣ እሳተ ገሞራውንም የአጽም ሥዕሉንም እያለፈ እኔ ጋ ደረሰ። ባቡሩን ሞልቼ ለቀቅሁት። ባቡሩን አላየውም። ጎንበስ አለ፣ ከዚያ በጉልበቱ ተቀመጠ። ጣቱን በመሳፈሪያው ጠርዝ ላይ ቀስ አድርጎ አስኬደው።

«ኖራውን ማን ነገረሽ?» አለኝ።

ዞር ብዬ እማዬን አየኋት።

«ትልቅ እንግዳ በመጣ ቁጥር ጠርዙን ኖራ እንቀባ ነበር እኮ» አለ፤ ለኔ ነው ሲናገር የጀመረው፣ ሲጨርስ ግን ለክፍሉ ሁሉ ሆነ። «እንግዳው ከሄደ በኋላ መንገደኛው በጫማው ይዞት ይሄዳል። የአዲስ አበባን ኖራ ድሬዳዋ ድረስ ነው የምንሸኘው!» ሰዉ ሳቀ። እሱም ሳቀ። «ይሄ እኮ ለገሃር ነው! እዚህ ጋ ነበር የምቆመው፣ እዚህች ጋ» አለና በጣቱ ጫፍ ነካው። ቲቸራችን ሌላ ወላጅ ለማስተናገድ ቢሞክሩ ማን ይሰማቸዋል? አባዬ ፍየሏን እንደ ልጅ አዝላ የተሳፈረችውን ሴትዮ እየተረከ ነው፤ እናቶችና አባቶች ከበውታል። እማዬ ከኋላ ሆና «ኖራውን የቀባሁት እኔ ነኝ!» ትላለች፤ እሷንም ማንም አልሰማትም።

ወደ ቤት ስንመለስ በመስቀል አደባባይ ወርደን፣ ስታዲየምን አልፈን፣ ሳንነጋገር ወደ ለገሃር ታጠፍን። ዘበኛው አባዬን ሲያይ እየሮጠ መጥቶ ትከሻ ገጠሙ። «ጋሼ! ምነው ጠፉብን?» አለውና እኔን አየት አድርጎ «ሲሚንቶ የምታየዋ ልጅ የእርስዎ ናት እንዴ?» አለ። አባዬ እጄን ጥብቅ አድርጎ ይዞ «የኔ ናት» አለው።

ያ ሁሉ አልፏል። ባቡሩ ቆሟል፣ እማዬ አርፋለች፣ ከቂርቆስ ወጥተን ኮንዶሚኒየም ገብተናል። እኔ ገና ያልተሠራ ሕንፃን በትንሹ አስመስዬ የማቆም የማኬት ሠሪ ሆኛለሁ፤ በሥራዬ የሚስተካከለኝ ካለ ይምጣ። ደንበኞቼ ግን ሁሉም ነጭ በነጭ ነው የሚፈልጉት፤ ዝናብም ሰውም የማይነካው ሕንፃ። እሺ ብዬ እሠራላቸዋለሁ። ያኔ እናት ልጇ እንዳታፍር ብላ የቀባችውን ኖራ፣ ዛሬ ከተማው በሙሉ ራሱን የሚቀባ ይመስለኛል።

አባዬ አለ፤ ከዘራውን ይዞ፣ ወሬው ሳይነጥፍ። እሑድ እሑድ በከተማው ቀላል ባቡር እወስደዋለሁ፤ ለገሃር ሲደርስ ወርደን ከላይ ሆነን የድሮውን ጣቢያ እናያለን። ባለፈው አጠገባችን ለቆመ ወጣት ሲተርክለት ሰማሁት። «ሦስተኛው ምሰሶ ሥር አንዲት ስንጥቅ ነበረች፣ የወፍ እግር የምትመስል። ፊሽካ ስነፋ ሁልጊዜ እሷ ላይ ነበር የምቆመው።»

ለገሃር ላይ እንዲህ ያለ ስንጥቅ አልነበረም። በሆዴ ተኝቼ ስላየሁት አውቃለሁ። ያቺ ስንጥቅ የኔ ናት፤ ጄሶው ሳይደርቅ ክርኔ አርፎበት የወጣች። አባዬ የሥራ ዘመኑን ሁሉ አሁን በልጁ ወለል ላይ ቆሞ ነው የሚያስታውሰው።

ወጣቱ ወደኔ ዞሮ «እውነት ነው?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት፤ «እዚያች ጋ ነበር የሚቆመው።»