መንበረ ያሳጠረችው ነገር

መንበረ ወልቂጤ ውስጥ ባንድ ችሎት አስተርጓሚ ከሆነች አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ጉራግኛውን ከእናቷ፣ አማርኛውን ከትምህርት ቤት ያገኘች፣ ምላሷ የተባ ሴት ናት። ባለጉዳይ እንደ ጎርፍ ያወረደውን እሷ በሁለት ዓረፍተ ነገር ቋጭታ ታስረክባለች፤ ዳኞችም ይሄን ይወዱላታል። «እኔ ዘንድ የማይተረጎም የለም» ትል ነበር አፏን ሞልታ። ጉራ መቼም አይከፈልበት!

ባለፈው ጥቅምት ፀዳለ የምትባል የገጠር ሴት ቀረበች። ባሏን ወልደአማኑኤልን ትታ ከወጣች አራት ዓመት ሆኗታል። ከሱ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንቂቱን እንዲያነሳላት። በአገሩ ልማድ ባሏን ጥላ የወጣች ሴት፣ እሱ በገዛ አፉ «ለቅቄሻለሁ» ካላላት እንደታሰረች ናት፤ አንቂት የሚሉት ይሄንን እስር ነው። ደፍራ ሌላ ብታገባ መዓቱ ለሷም፣ ላገባትም፣ ለሚወለደውም ይተርፋል ይባላል። ጉብሬ ላይ ደግሞ ቴዎድሮስ የሚባል ደግ አናጢ ሊያገባት ይጠብቃታል። ይህን ሁሉ እያለቀሰች በጉራግኛ ተናገረች።

«ምን አለች?» አሉ ዳኛው። ለአገሩ እንግዳ የሆኑ ወጣት ናቸው።

መንበረን የዚያን ቀን ገና አሥራ አንድ መዝገብ ይጠብቃታል። «ፍቺ ትፈልጋለች፣ ክቡር ዳኛ» አለች።

ወልደአማኑኤል እዚያው ችሎት ቆሟል፤ አማርኛ ይሰማል። ፈገግ አለ። «ይወሰንላት፣ አልቃወምም» ብሎ ፈርሞ ወጣ።

የቴዎድሮስ እናት ግን የፍቺውን ወረቀት አገላብጠው፣ «ማኅተሙስ አለ፤ ቃሉ የታለ?» ብለው መለሱት። ፀዳለ ወረቀቷን ይዛ መንበረ ቤት ከተፍ አለች።

«እታለም፣ እሱ እኮ እዚያው ቆሞ ነበር! ዳኛ ፊት ቢጠየቅ አፍሮም ቢሆን እሺ ይል ነበር። ሁለቱንም ቋንቋ ታውቃለች ብዬ አምኜሽ ነው ዝም ያልኩት።»

መንበረ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ወደ ወልደአማኑኤል ሽማግሌ ላከች። «በፍርድ ቤት ጨርሰናል» ብሎ መለሳቸው፣ ክፉ! የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለው እውነት ነው።

ሰኞ ጠዋት ሁለቱ ሴቶች ተያይዘው ዳኛው ፊት ቀረቡ። መንበረ እንጀራዋን ልታጣ እንደምትችል እያወቀች፣ «አሳጥሬ ነው የተረጎምኩት፣ አጥፍቻለሁ» አለች። ከዚያ ወልደአማኑኤል ተጠርቶ ቃሉን እንዲሰጥ ለመነችና አንቂትን ለማስረዳት ተነሳች። «እርግማን» አለች፤ ኧረ አይደለም፣ ማንም አልረገማትም። «እግድ» አለች፤ እግድማ ዳኛ ያነሳዋል። «መሐላ» አለች፤ ማን ማለና? በመጨረሻ ቃል መፈለጉን ትታ ከሥሩ ጀምራ ተረከችው።

ዳኛው ሳያቋርጡ አዳመጧት። «አዝናለሁ፣ ወይዘሮ መንበረ። ፍቺው ጸንቷል፣ ማግባት ትችላለች። ይህ የነገሩኝ ነገር ግን በሕግ ዘንድ የለም።»

ፀዳለ ክንዷን ያዘቻት። «ምን አሉ?»

የሚያባብል ቃል መንበረ አፍ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጠችው። ዛሬስ አታሳጥርም፣ አትጨምርም። ዳኛው ያሉትን እንዳለ ነገረቻት።

ፀዳለ ቀና ብላ ዳኛውን አየቻቸውና በጉራግኛ አንድ ነገር ጠየቀች። መንበረ ቃል በቃል ወደ አማርኛ መለሰችው፦

«ከሌለ፣ ታዲያ አራት ዓመት ሙሉ ያሰረኝ ምንድን ነው?»