በሩ አይከፈትም

ብርነሽ ተኩስ ስትሰማ የማትሮጥ ሴት ነበረች። ይህ ቀላል ነገር የሚመስለው በደርግ ጊዜ ጂንካ ውስጥ ያልኖረ ሰው ብቻ ነው። ያኔ ትልቅ ሰው ሲሞት ይተኮሳል፤ ሙሽራ ሲመጣም ይተኮሳል። ሴቶቹ ድምፁን እንደሰሙ የያዙትን ጥለው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ “ኧረ ማን ሞተ?” እያሉ ወደ ተተኮሰበት ይሮጣሉ። ዘግይታ የደረሰች ሴት ለወራት ትታማለች።

እህቷ አየለችም የሮጠችው እንዲሁ ነበር። ሐሙስ ቀን ቀይ አፈር ገበያ ጨው ስትሸጥ፣ አንድ የሰከረ ዘበኛ ከሰው ተጣልቶ መተኮስ ጀመረ። አየለች ለቅሶ መስሏት ደረቷን እየደቃች ወደ እሱው ሄደች፤ በጥይቱ ወደቀች። ከዚያ ወዲህ ብርነሽ ተኩስ በሰማች ቁጥር መጀመሪያ መሬት ላይ ትተኛለች፤ ማን እንደሞተ የምትጠይቀው ኋላ ነው። ጎረቤት ይስቅባታል። ይሳቅ።

ብርነሽና ልጇ ፅጌረዳ ከከተማው ዳር ባለ አንድ መጋዘን ቡና ይለቅሙ ነበር። አብራቸው የምትለቅም ተዋበች የምትባል ልጅ እግር ነበረች፤ ባሏን ጥላ እናቷ ቤት ገብታለች። ባሏ ውባየሁ ከሰሜን ጦር ግንባር ቆስሎ የተመለሰ ሚሊሺያ ነው። ሲመለስ ቂሙንም ክላሹንም ይዞ ነው የተመለሰው። አንድ ቅዳሜ ገበያ መሀል፣ “እዚያው ቡናዋ ላይ ነው የምደፋት!” ብሎ ሲፎክር ብርነሽ በጆሮዋ ሰማችው።

ሰኞ ጠዋት ወደ መጋዘኑ ኃላፊ ወደ ዳርጌ ሄደች።

“ጓድ ዳርጌ፣ ይህ ሰው ይመጣል። ለሚመለከተው ንገርና መሣሪያውን ይቀበሉት።”

“የባልና ሚስት ጠብ ነው። እኔ ምን አገባኝ?”

“እንግዲያው የጓሮውን በር ክፈትልን። መውጫችን አንድ ብቻ ነው።”

“ቡናው በዚያ በኩል እንዲወጣ ነው? ቁልፉ ከኪሴ አይወጣም። ደግሞ እወቂው፣ ሠራተኛ መሀል ሽብር ትነዢያለሽ ብዬ ለቀበሌ ባመለክትብሽ ማን ያድንሻል?”

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር የሰማ ሰው አፉን ይዘጋል። ብርነሽም አፏን ዘጋች፤ እጇ ግን ሥራ አልፈታም። ቆርቆሮ ግድግዳ ጥይት እንደማያስቆም፣ የታጨቀ ጆንያ ግን እንደሚያስቆም ታውቃለች። በምሳ ሰዓት ጆንያዎቹን እየጎተተች መጋዘኑ መሀል በደረት ቁመት ደረደረቻቸው። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ሴቶቹን ታለማምዳለች፤ ባዶ ጣሳ በድንጋይ ትመታና፣ “ወደ ጆንያው! ተኙ!” ትላለች። በሩ አጠገብ የምትቀመጠው ፅጌረዳ የበሩን መወርወሪያ ትጥላለች። ውጭ የተገኘ ወደ በሩ አይመጣም፤ ወደ ነሪ ወንዝ ይሮጣል። አንዴ የተዘጋ በር ደግሞ ለማንም አይከፈትም።

“ለእናቴም?” አለች ቦሼ። ቦሼ አብራቸው የምትለቅም አሪ ናት፤ ምላሷ ከጣቷ ይፈጥናል።

“ለእናትሽም።”

“እትዬ ብርነሽ፣ እውነቱን ንገሪን። ቡና ለቀማው ስለሰለቸሽ ነው አይደል የምታስተኚን?”

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። አንዷ ግን አልሳቀችም፤ ጣቷን ወደ ተዋበች ቀሰረች። “እሷን ብናስወጣት እኮ ነገሩ ሁሉ ያልቃል። ለእሷ ባል ብለን እኛ አቧራ ላይ እንንከባለላለን?”

“ብናስወጣት መንገድ ላይ ይገድላታል” አለች ብርነሽ። “ይልቅ ተነሺና ጆንያውን ግፊ።”

ገፋች፤ እየተሳደበች ነው የገፋችው። ዳርጌም በመስኮት ብቅ እያለ፣ “መጋዘን ነው ወይስ የጦር ካምፕ?” ይላል። አንድም ቀን አብሯቸው አልሞከረም።

ውባየሁ የመጣው ጠዋት ነው፤ ሥራው ገና እየሞቀ ሳለ። የመጀመሪያው ጥይት ከውጭው አጥር በኩል ጮኸ። ቦሼ እጇን ራሷ ላይ ጭና ብድግ አለች፤ “ኧረ ማን...” ከማለቷ ብርነሽ፣ “ወደ ጆንያው!” ብላ ጮኸች። ለሳምንታት ሲሳቅበት የከረመው ጩኸት ቦሼን በደረቷ አስተኛት። መወርወሪያው ወደቀ። ጥይት ቆርቆሮውን እየበሳ ገባ፤ ከጆንያዎቹ ቡና እንደ ውኃ ይፈስ ጀመር።

ወዲያው በሩ በቡጢ ተደበደበ። “ክፈቱ! ዳርጌ ነኝ! ክፈቱ!”

ፅጌረዳ እጇን ወደ መወርወሪያው ሰደደች። ብርነሽ በሆዷ ተስባ ደርሳ የልጇን እጅ ያዘች።

“እማ፣ ዳርጌ እኮ ነው!”

“ከኋላው ማን እንዳለ ታያለሽ?” አለቻትና ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ “ጓድ ዳርጌ፣ በሩ አይከፈትም! ወደ ነሪ ሩጥ!”

“እናትሽን...!” ብሎ ሰድቧት ሮጠ። አንድ ተኩስ፣ ከዚያ የዳርጌ ጩኸት ተሰማ። ፅጌረዳ እናቷን እንደ ባዕድ አየቻት።

ቀጥሎ የውባየሁ ድምፅ መጣ። “ተዋበች! አንቺ ብቻ ውጪ! ሌላውን አልነካም!”

ያች ጣቷን የቀሰረችው ሴት ተዋበችን ከጎኗ ገፋቻት። “ሰማሽ? ውጪለት! ልጆች አሉኝ!” ብርነሽ ተስባ ተመልሳ ተዋበች ላይ ተኛችባት። በሩ ላይ ተተኮሰ፤ መወርወሪያው ግን ቻለ። ጥይቱ ሲያልቅበት የሰፈሩ ሰው ተረባርቦ ያዘው። ከሴቶቹ አንዲቷም አልሞተችም።

ዳርጌም አልሞተም። ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ ለስብሰባ መጣ፤ የቀበሌው አዳራሽ ሞልቷል።

“ይህች ሴት ለጥይት ሰጥታኝ በር ዘጋችብኝ!”

“የጓሮው ቁልፍ የት ነበር ጓድ?” አለች ቦሼ ከኋላ። “ይዘኸው ስትሮጥ ሲንሿሿ ሰምተናል እኮ!”

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። የዳርጌ ፊት ግን ጠቆረ፤ ሊቀመንበሩም ጠረጴዛውን መታ። “ወይዘሮ ብርነሽ፣ አንድ ሰው ቆስሏል። ይቅርታ ይጠይቁና ወደ ሥራዎ ይመለሱ።”

ብርነሽ ተነሥታ የዳርጌን ክንድ አየች። “ክንዱ ያሳዝነኛል። እግዜር ይማረው። በሩን ግን ነገም ቢሆን አልከፍትም።”

“ይቅርታ ነው የተባሉት!”

“ሰምቻለሁ።”

ከሥራ ተባረረች። ጆንያ ሥር ተኝተው የተረፉት ሴቶች መሬት መሬት ያያሉ፤ ቦሼም እንኳ።

ወደ ቤት ሲሄዱ ፅጌረዳ ከፊት ከፊት ትራመዳለች። “አንዲት ይቅርታ ምን ነበረባት? አፍሽን አታቆስለው! በእኔ ለቀማ ብቻ ልንኖር ነው?”

“ይቅርታ ብል፣ ሌላ ቀን ሰው በሩን ሲደበድብ ትከፍቺለታለሽ።”

ልጅቷ ቆመች። ዐይኗ እንባ ሞልቷል፤ ንዴቷ ግን አልበረደም።

“ነገ በሩ አጠገብ ማን ይቀመጣል?” አለች ብርነሽ ቀስ ብላ።

“እኔ ነኛ! ሌላ ማን ሊቀመጥልሽ ነው?” ብላ ጮኸችባትና መንገዷን ቀጠለች።