እናትና ልጅን እህት ያደረገ ስም

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቅልሎ ቢታይ ምን ያህል ይሆናል? የአያ ታከለን ሳስበው አንድ ስም ብቻ ይሆንብኛል፤ በፍቅር የሰጠው፣ ኋላ ግን መልሶ መውሰድ ያቃተው ስም።

አያ ታከለ እንፍራንዝ አጠገብ ማረሻና ማጭድ ሲሠራ የኖረ የቤተ እስራኤል ሰው ነው። ወንድሞቹ እስራኤል ሲገቡ እሱ ተራውን ጎንደር ከተማ ሲጠብቅ አረጀ። ሚስቱ አገኘሁሽ ከሞተች በኋላ የቀሩት ልጁ ማናዬና የእሷ ልጅ ራሔል ነበሩ። የራሔል አባት ልጅቱ ገና ሳትወለድ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀርቷል።

ራሔል ትምህርት ቤት የገባች ዕለት መምህሩ፣ «የአባቷን ስም ማን ልበል?» አለ። የተሰለፉት ልጆች ጆሯቸውን አቁመዋል።

«ታከለ በል» አለ አያቷ።

«የቱ ታከለ?»

«እኔ ነኛ! ቆሜ አታየኝም?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። በኛ አገር ያሳደገ አያት ስሙን ቢሰጥ ማን ይነቅፈዋል? ልጅ አባት የላትም ከምትባል በአያቷ ትጠራ፤ ሸጋ ነገር ነው። ኋላ የልደት ወረቀት ሲያወጣላትም አባት ብሎ ራሱን፣ እናት ብሎ አገኘሁሽን አስጻፈ። ሥራውን በደንብ የጨረሰ መስሎት ነበር።

ካቻምና ለማናዬ ወደ እስራኤል የጉዞ ፈቃድ መጣ፤ ለእሷና አካለ መጠን ላልደረሰች ልጇ። ወረቀታቸውን ይዘው ቢሮ ቢገቡ፣ ጸሐፊው የሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ አየና፣ «አያ ታከለ፣ እነዚህ እኮ እህትማማች ናቸው» አለ።

«ምነው ልጄ! ፊታቸውን እይ እንጂ። አፍንጫዋ የእናቷ አይደለም?»

«አፍንጫ ማኅተም የለውም፣ አያ።» ቀልዱ እሱን ራሱንም አላሳቀው። «ፈቃዱ ለእናትና ለልጅ ነው። እህት አትሻገርበትም።»

ፍርድ ቤት ሄዱ። ወላጅ አባቷ ይቅረብ ተባለ፤ የት እንዳለ ማን ያውቃል? ቀጠሮ ቀጠሮን ሲወልድ የፈቃዱ ቀን ሊያልፍ ሆነ። ማናዬ «ልጄን ጥዬ አልሄድም» አለች። «ሂጂ፣ እዚያ ሆነሽ ትስቢያታለሽ» ብሎ የገፋት አባቷ ነው። አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ ራሔል የእናቷን ቦርሳ ማንገቻ ጨብጣ አልለቅ አለች። ጣቶቿን ያላቀቀውም እሱ ነው፣ ብረት ሲቀጠቅጥ በኖረ እጁ።

«ብረት ቢጣመም እሳት ያቃናዋል» ይል ነበር ከዚያ ወዲህ፤ «ወረቀት ምን ያቃናዋል?» ስም ሰው የሚጠለልበት ጣራ ይመስለኝ ነበር፤ በር እንደሚዘጋ ያየሁት በሱ ነው።

ባለፈው ክረምት አያ ታከለ አልጋ ላይ ዋለ። የቀበሌውን ሊቀመንበር ቤቱ ድረስ አስጠራ። ራሔል እግሩን እያሸች ተቀምጣለች።

«አንድ ነገር ብቻ» አለ። «ሳልሞት ስሜን ከዚች ልጅ ላይ አንሱልኝ። አያቷ ብላችሁ ጻፉኝ።»

ሊቀመንበሩ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ዛሬ፣ አያ ታከለ ካረፈ ወዲህ፣ ጎረቤታችን ዓይናዲስ ቤት የምታድረው ልጅ አሁንም ራሔል ታከለ ናት።