ከወንዙ ገመድ የተጠፈረች አልጋ

«በዚያ ድልድይ አሻግረሽ ከምታሳክሚኝ እዚሁ ቅበሪኝ» አለኝ አባቴ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ። የመጣሁት ላሊበላ ሆስፒታል ላስተኛው ነበር። ሲገላበጥ የጠፍር አልጋው ሲጢጥ አለ። ዝናብ ሲያካፋ የቆዳው ሽታ ይነሳል፤ ያ ሽታ ሲመጣብኝ ልጅ እሆናለሁ።

ድልድዩ ሳይኖር፣ ክረምት ክረምት ወንዙን የምንሻገረው ገመድ ይዘን ነበር። በሬ ያረደ ሁሉ ከቆዳው ጠፍር ያዋጣል፤ አባቴ በቅቤ አሽቶ ይገምደዋል፤ ከዛፍ ዛፍ ይወጥረዋል። የገመድ አባት ይሉት ነበር።

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ፈረንጆች በእርዳታ ድልድይ ሊሠሩልን መጡ። የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ ደስ ይለኝ ነበር። ፀሐይ ስትጠልቅ ምሰሶዎቹ ቀልተው ይታያሉ። ሰኔ ሊገባ ሲል ሰፈሩ በአባቴ ይስቅ ጀመር።

«የገመድ አባት፣ እንግዲህ በምን ልትኮራብን ነው?»

እሱም ሳቀ። ድልድዩ ለክረምቱ ይደርሳል ስለተባለ ገመዱን አውርዶ ቆራረጠና ለየቤቱ አካፈለው፤ ለቀንበር፣ ለአልጋ። የእኛ ድርሻ ይቺ አልጋ ሆነች። እናቴ እርጉዝ ነበረች፤ «ዘንድሮስ እንደ ከተማ ሴት አልጋ ላይ ልታረስ ነው!» ብላ እልል አለች።

ከምሰሶዎቹ በላይ ግን ገና ምንም አልተሠራም ነበር። ዝናቡ ጠነከረ፤ ሠራተኞቹ ክረምቱ እስኪወጣ ብለው ሄዱ።

ነሐሴ ላይ እናቴን ምጥ ያዛት፤ ልጁ አልወጣ አለ። ጎረቤቶች በዚችው አልጋ ተሸክመው ወንዙ ዳር አደረሷት። ጎርፉ ጆሮ ያደነቁራል። አባቴ ከነልብሱ ገባ፤ ውሃው አንገላቶ መለሰው። ደግሞ ገባ። ደግሞ መለሰው።

«ገመዱ የታለ?» ብሎ ጮኸ አንዱ ተሸካሚ።

እናቴ ጠፍሩን በእጇ ዳበሰችና «ይኸው፣ ተኝቼበት» አለች።

ሳይመሽ እሷም፣ ሆዷ ውስጥ ያለውም አለቁ።

ድልድዩ በዓመቱ ተጠናቀቀ። ጥሩ ድልድይ ነው፣ ምን ይባላል። ዛሬ ወላድ ሁሉ በባጃጅ ይሻገርበታል። አባቴ ብቻ እግሩን አላሳረፈበትም፤ በጋ ከሥሩ ድንጋይ ለድንጋይ ይሻገራል፣ ክረምት ቤቱ ይቀመጣል። አሁን ግን በእግሩ መቆም አልቻለም።

«አባዬ፣ ካልታከምክ ትሞታለህ። ባጃጁ ቆሟል፣ ተነስ» አልኩት።

ጠፍሩን በጣቶቹ ጨብጦ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«አንቺ ተሻገሪ፤ ሳይዘንብብሽ።»

ነጠላዬን አነሳሁና ብቻዬን ወደ ባጃጁ ወጣሁ።