የአያ ደሴ እግርና የጓያው እንፋሎት

ከቆላ ድባ የወጣሁ ለት፣ ማኪናው ሊነሳ ጥሩምባውን ሲነፋ፣ ታላቅ ወንድሜ አያ ደሴ በሁለት ምርኩዝ እግሩን እየጎተተ ደረሰ። በመስኮቱ በኩል በመሐረብ የተቋጠረ አንድ እፍኝ ጓያ አቀበለኝ።

«እንቺ፣ እግሬን የበላው ይሄ ነው። ጀርመን አገር ወስደሽ መርምሪው።»

ጎንደር ባዮሎጂ ተምሬ መጨረሴ ነበር፤ የማልችለው ነገር ያለ አይመስለኝም። «እግርህን ይዤ እመለሳለሁ» ብዬ ቃል ገባሁ። እግር በሻንጣ የሚመጣ ይመስል!

እናንተ ጓያን ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ዝናብ ቀርቶ ሌላው እህል ሁሉ ሲደርቅ እሱ ብቻ ያፈራል። ወራት ሙሉ እሱኑ ብቻ የበላ ሰው እግሩ ይተሳሰራል። በእኛ አገር በደምቢያ ግን ጥፋቱን የምንጥለው በእንፋሎቱ ላይ ነው። እናታችን ንፍሮውን ስትቀቅል እኛን ከቤት ታስወጣና ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ትጠመጥማለች። ሲበስል ተጠርተን እስክንጠግብ እንበላለን። ውሃውንም አትደፋም፤ ጉልበቱ እዚያ ነው ብላ እስኪመጥ ትጠብቃለች።

ፍራንክፈርት ስደርስ አንዱ የጉምሩክ ሰውዬ መሐረቡን ፈታው።

«ምንድን ነው?»

«እህል።»

«ይበላል?»

«ባይበላ ይሻላል።»

«ታዲያ አገርሽ ማን ነው የሚበላው?»

«እኛ።»

እኔን አየ፣ ጓያውን አየ፣ የዩኒቨርሲቲውን ወረቀት ሁለት ጊዜ አንብቦ ማኅተሙን መታልኝ። አከራዬም ከእሱ አትሻልም። ሽሮዬ በተንተከተከ ቁጥር በሬን አንኳኩታ «የሚቃጠል ነገር አለ?» ትለኛለች። «የለም፣ ምሳዬ ነው» እላታለሁ። እነሱ ብሮት የሚሉት ዳቦ ደግሞ ጥርስ ይፈትናል።

በሥራዬ ግን አልታማም። እግርን የሚያዙትን የነርቭ ሕዋሳት በሳህን ማሳደግ፣ የጓያው መርዝ ሲነካቸው የትኛው ጂን እንደሚነሳ መለየት፣ ሁሉንም ተካንኩበት። ታዲያ አንድ ጠዋት ላቦራቶሪ ውስጥ ጓያውን ስቀቅል እንፋሎቱ ተነሳ። ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ሻርፔን አፍንጫዬ ላይ ጠምጥሜ፣ መስኮቱን በርግጄ፣ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ! የውጭው በረዶ ቤቱን ሞላው።

«ዝናሽ፣ ምን ሆንሽ?» አለች ፕሮፌሰሬ፣ ቁጥብ አሮጊት ናት። አፍሬ እየሳቅሁ የእናቴን ነገር ነገርኳት። እሷ አልሳቀችም።

«እንግዲያው እንፋሎቱን ለኪው» አለችኝ።

አቀዝቅዤ ሰበሰብኩትና ለካሁት። ንጹሕ ውሃ ነው። መርዙ ከፍሬው ወጥቶ የገባው መቀቀያው ውሃ ውስጥ ነበር፤ እናታችን እስኪመጥ በምትጠብቀው ውሃ! ያን ሁሉ ዘመን ከደኅናው ሸሽተን ክፉውን በልተናል። ደስታም ንዴትም አንድ ላይ መጣብኝና ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አንድ የደበቅሁት ነገርም ነበረኝ። የሞቱት ሕዋሳት እንደማይመለሱ ካወቅሁ ዓመታት አልፈዋል፤ ለአያ ደሴ ግን በስልክ «እየሞከርን ነው» እያልኩ አታልለው ነበር። ዘንድሮ ደግሞ ዝናቡ ቀርቶ እሱም ሚስቱም ልጆቹም በጓያ ነው የሚኖሩት። ያኔውኑ ደወልኩለት።

«አያ፣ እግርህ አይመለስም» አልኩት፣ ሰላምታውን እንኳ ሳልጨርስ።

«ምነው እስተዛሬ ሳትነግሪኝ? እኔስ አውቄዋለሁ፤ እንዳይከፋሽ ብዬ ነው ዝም ያልሁ» አለኝ።

«የልጆቹን እግር ግን ማዳን እንችላለን። እንፋሎቱ ምንም አያደርግም። ጓያው ተዘፍዝፎ ይደር፤ የተዘፈዘፈበትም የተቀቀለበትም ውሃ ይደፋ። ሌላ እህል ከተገኘም ይቀላቀልበት።»

ስልኩን ሳይዘጋ ወደ ሚስቱ ጮኸ። «ሙሉ! ያን የጓያ ውሃ ድፊው!»

«አበድህ? ጉልበቱ አይደል!»

«ድፊው አልሁሽ! ዝናሽ ናት ያለችው!»

ውሃው መሬት ላይ ሲፈስ በስልኩ ሰማሁት። በጥናቴ ሁሉ እንደዚያ ድምፅ ያኮራኝ ነገር የለም።

«ደፋችው» አለኝ። «ሸጋ ሥራ ነው የሠራሽ። መቸ ነው የምትመጭ ታዲያ?»

እመጣለሁ ልል አፌን ከፈትኩ። አንድ ጊዜ ቃል ገብቼለት ነበር፤ ሁለተኛውን ፈራሁ።

«ልጆቹስ የት አሉ?» አልኩት በምትኩ።

«እንፋሎቱን ፈርተን ከቤት አስወጥተናቸው ነው» አለኝ። «ሜዳው ላይ ይሮጣሉ።»