ቢታ ገነት ላይ የሰማሁት የራሴ ድምፅ

ዛሬ ጠዋት ቢታ ገነት ያለው ቢሯችን በር ላይ ቆሜ፣ ከውስጥ የራሴን ድምፅ ሰማሁ።

«እንደምን አደሩ እትዬ ወርቄ? ዛሬም ይበርቱልኝ!»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተስ?» ብለው እትዬ ወርቄ ሲመልሱለት በሩን ገፋሁት።

እትዬ ወርቄ የቡና ገበሬዎችን በታብሌት ይመዘግባሉ። እኔ ቦንጋ ተቀምጬ በቴሌግራም እመራቸዋለሁ።

ስገባ ብቻቸውን ናቸው። ከስልካቸው የሚሰማው አምና የላክሁላቸው የድምፅ መልእክት ነው።

«አብረውኝ ይመዘግቡ የነበሩት ሁለቱ ልጆች ሥራ ከለቀቁ ወዲህ ቢሮው ጭር ብሏል። ጠዋት ጠዋት አንተን ሰምቼ ነው የምጀምረው» አሉኝ።

ከአምና ወዲህ የላክሁላቸው የአውራ ጣት ምልክት ብቻ ነው። (ማበረታታት መስሎኝ ነበር።)

እስከ ምሳ አብሬያቸው ስመዘግብ ቆየሁ። ስሄድ፣ ከእንግዲህ ራሴ እየመጣሁ አናግርዎታለሁ ብዬ መልእክቱን እንዲያጠፉት ለመንኳቸው።

«አንተ ደግሞ መቼ ልትመጣ? ይቀመጥ» አሉኝ።

እናንተስ፣ በስልክ ብቻ የምትመሩትን ሰው ካናገራችሁ ስንት ጊዜ ሆናችሁ?